ከቄጤማ ሥር የድሮ ዝናብ ፍለጋ

የፋሲካ ማግስት ነበር። ሳሎን የተጎዘጎዘው ቄጤማ ጠውልጓል። እናቴ ጠርጋ ልትጥለው ስትነሳ "ቆይ እማ፣ እፈልገዋለሁ!" አልኳት። መጥረጊያውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። "አንቺ ልጅ፣ ጤናሽን ነው?"

ጤነኛ ነኝ። ሥራዬ ነው። እዚሁ ሐዋሳ አንድ ላብራቶሪ ውስጥ የአፈርና የዕጽዋት ናሙና አጥባለሁ፣ እመዝናለሁ፣ እቆጥራለሁ። ከሁሉም ልቤን የወሰደው የረግረግ አፈር ነው። ረግረግ ውስጥ የወደቀ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፤ ውሃው አየር ይከለክለዋል። ዓመት በዓመት ላይ እየተደራረበ ይቀመጣል። ላይኛው የዛሬ፣ ታችኛው የጥንት። በየንብርብሩ የትኛው ተክል እንደነበረ ካወቃችሁ፣ በዚያ ዘመን ቦታው ውሃ ይተኛበት እንደነበር ወይም ደርቆ እንደነበር ትደርሱበታላችሁ። ውሃው ደግሞ፣ ብዙ ጥንቃቄ ከጨመራችሁበት፣ ወደ ዝናቡ ይመራችኋል።

እንዴት እንደሚሠራ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

የፈረንጁ መጽሐፍና የእኛ ረግረግ

ስለዚህ ሙያ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የመጣው ከሰሜን አውሮፓ ነው። እዚያ ፒት የሚሉት አፈር አለ። ጥቁር ቡናማ፣ እርጥብ፣ ገና በስብሶ ያላለቀ የተክል ቅሪት ማለት ነው። ቆርጠው አድርቀው እንደ ኩበት ያነዱታል። አብዛኛውን የሚሠራው ስፋግነም የሚባል ተክል ነው። የድንጋይ ሽበት ዘመድ ነው፤ ግን እንደ ስፖንጅ ውሃ መጥጦ ይይዛል፣ እስከ ደረቅ ክብደቱ 20 እጥፍ ድረስ። ረግረጉንም አሲዳማ ያደርገዋል። አየር የለም፣ አሲድ አለ፣ ብርድ አለ፤ ስለዚህ የገባ ነገር ይቆያል። ዴንማርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950 ፒት የሚቆርጡ ሰዎች አንድ ሬሳ አገኙ። አገጩ ላይ ያለው አጭር ጺም ሳይቀር ይታያል። በቅርቡ የተገደለ መስሏቸው ፖሊስ ጠሩ። ሰውዬው ከ2,000 ዓመት በላይ ተኝቷል።

የእነዚያ ረግረጎች ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። ብዙዎቹ እንደ ጉልላት አብጠው ከአካባቢያቸው ከፍ ያሉ ናቸው። ወንዝ አይደርስባቸውም። ውሃቸው ከሰማይ ብቻ ነው። እርጥብ ከሆኑ ዘንቧል፤ ከደረቁ ዝናቡ ቀንሷል ወይም ሙቀቱ ጨምሯል። ስፋግነም ኩስፒዳተም የሚባለው ዓይነት ኩሬ ውስጥ ይበቅላል፤ ሌሎች አንዳንድ ዝርያዎች ጉብታ ላይ ይወጣሉ። የትኛው በዝቶ እንደተቀበረ ማየት የውሃውን ልክ እንደማየት ነው። ኖርዌጂያዊው አክሰል ብሊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፒት ንብርብሮችን አይቶ "እርጥብና ደረቅ ዘመናት ተፈራርቀዋል" ያለው ከዚህ ተነስቶ ነው። ስዊድናዊው ሩትገር ሰርናንደር ሐሳቡን ገፋበት። ሌላው ስዊድናዊ ሌናርት ፎን ፖስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1916 ፖለንን፣ ማለትም የአበባ ብናኝን፣ በንብርብር እየቆጠሩ ታሪክ ማንበብን ለዓለም አሳየ።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ጨለለቃን ውሰዱ፤ ከሐዋሳ በስተምሥራቅ ያለውን ረግረግ። ከወንዶ ገነት በኩል የሚወርዱ ወንዞች ይገቡበታል። ከእሱ የሚወጣው የጥቁር ውሃ ወንዝ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል። ስፋግነም የሚባል ነገር አታዩበትም። ያለው ቄጤማ፣ ፊላና ሣር ነው። ውሃው ከሰማይም፣ ከወንዝም፣ ከመሬት ውስጥም ይመጣል። ላይ በኩል አንድ ሰው መስኖ ቢከፍት እታች ይደርቃል። ስለዚህ የአውሮፓውን መመሪያ እንዳለ ገልብጦ እዚህ ማዋል አይሆንም። አሠራሩን ተዋሱ፣ ትርጉሙን ግን ከራሳችሁ ረግረግ አውጡ።

ደህናውን ፒት የሚፈልግ ሰው ወደ ደጋ ይውጣ። ባሌ ተራሮች ላይ ታምሳ የሚባል ረግረግ አለ። መሐመድ ኡመርና ፈረንሳዊቷ ሬይሞንድ ቦንፊይ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት የፖለን ጥናት ከዚያ ፒት የወጣ ነው። መሐመድ ኡመር በዚህ ሙያ ውስጥ አገራችን ካፈራቻቸው ሰዎች ግንባር ቀደሙ ነው። እኔ ግን የምትለማመዱት ቤታችሁ አጠገብ ባለ ረግረግ ላይ ይሁን ባይ ነኝ። ባሌ ደርሶ የናሙና ማውጫ ቱቦ መሰባበር ያስቆጫል።

መጀመሪያ በሕይወት ያለውን

ሰው ሁሉ መቆፈር ይቸኩላል። እኔም ቸኩዬ ነበር። ከጉድጓዱ የወጣውን ጥቁር ክር መሰል ነገር ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጌ አፈጠጥኩበት። ምንም! ሁሉም ጭራሮ ይመስላል። በቁሙ የማላውቀውን ተክል ሞቶ ተቀብሮ እንዴት ልወቀው?

ያዳኑኝ ሐይቁ ዳር የተዋወቅኳቸው አንድ አሳ አስጋሪ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ዳር ዳሩን ስዞር አይተው "ምን ጠፋብሽ ልጄ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ከውሃው ወደ ደረቁ እየጠቆሙ አስረዱኝ። ከሁሉም ራቅ ብሎ የውሃ አበባው፣ ቅጠሉ እንደ ሰሃን የተንሳፈፈው። ከዚያ ፊላው፣ እግሩ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ያለ። ከዚያ ቄጤማው፤ ክረምት ይጠልቃል፣ በጋ ጭቃ ላይ ይቆማል። መጨረሻ ሰርዶው። "ውሃው ሲሸሽ ሰርዶ ይከተለዋል" አሉ። "ውሃው ሲመለስ ሰርዶ ይሸሻል።"

የተማርኩትን ሁሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ከመሬት ውስጥ የምታወጡት የአፈር ዓምድ ይኸው የጋሼ መስመር ነው፤ ተጋድሞ ሳይሆን ቆሞ። ሰርዶ ከሥር፣ ቄጤማ መሐል፣ ፊላ ከላይ ካገኛችሁ ውሃው እየመጣ ነበር። ከተገላበጠ እየሸሸ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ከውሃው ጀምራችሁ ወደ ደረቁ መሬት ገመድ ዘርጉ፤ 50 ሜትር ይበቃል። በየ5 ሜትሩ ቁሙ። የውሃውን ጥልቀት በማስመሪያ ለኩና ጻፉ። ያለውን ተክል ሁሉ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ቅጠል፣ ግንድ፣ ሥርና ፍሬ ውሰዱ። ስሙን ባታውቁት ቁጥር ስጡት፤ ስም በኋላ ይመጣል።

የቄጤማን ግንድ በሁለት ጣታችሁ መሐል አንከባሉት። እሺ አይልም። ሦስት ጠርዝ አለው፣ ጣታችሁ ይቆጥረዋል። የሣር ግንድ ክብ ነው፣ አንጓም አለው። የፊላን ቅጠል በምላጭ አግድም ቁረጡና ጫፉን እዩት። ውስጡ በትናንሽ ክፍል የተከፋፈለ ነው፤ የማር እንጀራ ይመስላል። ያ አየር ማመላለሻው ነው። እግሩ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ትንፋሽ የሚወስደው በዚያ በኩል ነው። የብዙ ቄጤማ ፍሬ ደግሞ ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ፣ ሦስት ጎን ያላት ጠንካራ ነገር ናት። ይቺን ፍሬ ውደዷት። ቅጠሉ አልቆ እሷ ትቀራለች።

ቀጥሎ ተክሎቹን አበስብሷቸው። ላብራቶሪ ያለው ሰው 5 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ያሞቃቸዋል። የሌለው ሰው እንደ እኔ በሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ ከረግረጉ ውሃና ጭቃ ጋር ከድኖ ሁለት ወር ይተዋቸው። የሚለሰልሰው ይለሰልሳል፣ ጠንካራው ይቀራል። የቀረውን አጥባችሁ ካርድ ላይ በፕላስተር ለጥፉት። መክደኛውን ግን ውጭ ክፈቱት። እኔ ማዕድ ቤት ከፍቼው እናቴ ለሦስት ቀን አላናገረችኝም።

ፌሮና ቱቦ

ቦታ ስትመርጡ ያልታረሰ፣ ቦይ ያልተቀደደበት፣ ጡብ ሠሪ ጭቃ ያልወሰደበት ይሁን። ዳሩን ተዉት፤ ጎርፍ አሸዋ ያመጣበታል። ከመሐሉ ሥሩ። ቀበሌውንና መሬቱን የሚጠቀሙበትን ሰዎች አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። በባዶ እግር አትግቡ፤ ቢልሃርዚያ ቀልድ አይደለም፣ ቦቲ አድርጉ። ጥቁር ውሃ አካባቢ ከሆናችሁ ጉማሬ እንዳለ ሳትጠይቁ አትውረዱ።

ጥልቀቱን በፌሮ ነው የምናውቀው። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ ሁለት ሜትር፣ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ቀለም የተቀባ። ቀጥ አድርጋችሁ ግፉት። ጆሯችሁን ስጡት። ፒትና ለስላሳ ጭቃ ውስጥ ዝም ብሎ ይወርዳል። አሸዋ ሲነካ ክርክር የሚል ድምፅ በመዳፋችሁ ይመጣል። የሸክላ አፈር ሲደርስ ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። አሥር ቦታ ወግታችሁ በጣም የጠለቀውን ምረጡ።

ለማውጫ የባለሙያዎቹ መሣሪያ የሩሲያ ኮረር ይባላል። ግማሽ ቱቦ መሳይ ነው። ተዘግቶ ይወርዳል፤ የፈለጋችሁበት ጥልቀት ሲደርስ ግማሽ ዙር ታዞሩታላችሁ፤ ክንፉ ባለበት ቆሞ ቱቦው ይዞርና 50 ሳንቲ ሜትር አፈር ቆርጦ ይከድናል። አፈሩን አይጨምቀውም፤ ጥበቡ እሱ ላይ ነው። ጫፉ ግን ከሥሩ ያለውን ይረብሻል። ስለዚህ ሁለት ጉድጓድ በግማሽ ሜትር ርቀት ክፈቱ፤ ከአንዱ 0–50፣ ከሌላው 40–90 ውሰዱ። 10 ሳንቲ ሜትር መደራረቡ ኋላ ሲገጣጠም ይጠቅማል።

ኮረር ከሌለ ባለ 5 ሳንቲ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ይሠራል። የታችኛውን ጫፍ በሞረድ ሳሉት። ከላይ ጣውላ አድርጋችሁ በመዶሻ ምቱት። አፈሩ ግን ይጨመቃል። ቱቦው 100 ሳንቲ ሜትር ገብቶ ውስጡ 80 ብቻ ልታገኙ ትችላላችሁ። ከማውጣታችሁ በፊት በቱቦው አፍ ውስጥ ማስመሪያ አስገብታችሁ አፈሩ ስንት እንደወረደ ለኩ፣ ጻፉ። ይህችን ያልጻፈ ሰው ጥልቀቱ ሁሉ ውሸት ነው። ከዚያ አፉን በላስቲክ አጥብቃችሁ ዝጉት፤ አየር እንዳይገባ። ያኔ ስትስቡት አፈሩ ተይዞ ይወጣል። ቤት ስትደርሱ ቱቦውን በሴጌቶ ቁመቱን ለሁለት ሰንጥቁት።

አሁን የኔን ጉድ ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ናሙናዬን ሰንጥቄ ከሥር በኩል ስጀምር፣ "90 ሳንቲ ሜትር" ካልኩት ቦታ ሰማያዊ ክር አገኘሁ። ናይሎን! የአሳ መረብ ክር። ለአንድ ደቂቃ ያህል ከክርስቶስ ልደት በፊት ናይሎን ነበር ወይ እያልኩ አሰብኩ። ቱቦውን ገልብጬው ኖሯል። ባጃጅ ውስጥ ሲንከባለል ላይና ታቹ ጠፍቷል፣ እኔም ምልክት አላደረግኩም። አሁን ቱቦ ከመሬት ሳይወጣ በማርከር ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት እሥላለሁ። በሁለት ቦታ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ጥልቀቱን ደግሞ በሌላ ወረቀት ላይም እጽፋለሁ።

ስትከፍቱት ወዲያው ፎቶ አንሱ፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጋችሁ። አየር ሲያገኘው ቀለሙ ዓይናችሁ እያየ ይጠቁራል። ከዚያ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ። መብራት አንድ ቀን ቢጠፋ አይጎዳውም፤ እንዳይደርቅ ብቻ።

በመዳፍ፣ በወንፊት፣ በዓይን

ምንም መሣሪያ የማይፈልግ አንድ ፈተና አለ። ፎን ፖስት ያወጣው ነው፤ የመበስበሱን ልክ ከ1 እስከ 10 ይሰጣል። ትንሽ ፒት በመዳፋችሁ ያዙና ጭመቁ። በጣቶቻችሁ መሐል የሚወጣውን እዩ። ንጹሕ ውሃ ከወጣ 1 ነው፤ ተክሉ ከነመልኩ አለ። እንደ ስስ ሻይ ቢጫ፣ ከዚያ እንደ ቡና ድፍርስ እያለ ይሄዳል። ጭቃው በሙሉ በጣት መሐል ተንሸራቶ ካለቀና መዳፍ ውስጥ ምንም ካልቀረ 10 ነው። ያልበሰበሰው ውሃ ቶሎ የሸፈነው ነው። በጣም የበሰበሰው አየር አግኝቶ የቆየ፣ ማለትም ደረቅ ጊዜ ያሳለፈ ነው። እኔ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ እጨምቃለሁ። ግን ከምንቆጥረው ሳይሆን ከጠርዙ ትርፍ ላይ።

ቀጥሎ መቁረጥ። በየ4 ሳንቲ ሜትሩ የ1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ውሰዱ። ቱቦውን የነካውን ውጫዊ ገጽ ላጡና ጣሉት፤ ከላይ ወደ ታች ሲጎተት የመጣ ቆሻሻ አለበት። የቀረውን መጠን በሚለካ ብልቃጥ ውሃ ውስጥ ጨምሩ፤ ውሃው 4 ሚሊ ሊትር ከፍ ካለ 4 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር አላችሁ። መጠኑ እኩል ካልሆነ ማወዳደር የለም።

ከዚያ ቀዳዳው 125 ማይክሮን በሆነ ወንፊት ላይ በቀስታ እጠቡት። ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሻይ ማጥለያ ትልልቁን ይይዛል፤ ለመለማመድ ይሆናል፣ ትናንሾቹ ፍሬዎች ግን ያመልጣሉ። የቧንቧውን ውሃ አታበርቱት። የቀረውን ነጭ ሳህን ላይ ከትንሽ ውሃ ጋር አፍስሱና በ10 እጥፍ ማጉያ እዩት። ትንሽ ሥዕል መሳያ ብሩሽና መቆንጠጫ ያስፈልጋችኋል።

እኔ በአምስት እከፍላለሁ፦ ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ፊላ፣ ቄጤማ፣ ሣር፣ እንጨት። ስድስተኛ ዓምድ ላይ "ምን እንደሆነ እንጃ" እላለሁ፤ መጀመሪያ ላይ ግማሹ እዚያ ይገባል፣ አትፈሩ። ሳህኑን እያዟዟርኩ ቢያንስ 15 ቦታ አይቼ የእያንዳንዱን መቶኛ እገምታለሁ፣ ከዚያ አማካይ እወስዳለሁ። ፍሬ ግን አይገመትም፤ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጥቁር ሆኖ ጠርዙ የሾለ፣ ሲጫኑት ድቅቅ የሚል ከተገኘ ከሰል ነው፤ እሳት ነበር ማለት ነው። እዚህ አካባቢ ደግሞ እግር እንደምንፈገፍግበት ድንጋይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ነጭና ቀላል ፍርፋሪ ታገኛላችሁ። የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው። የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ ጎረቤታችን አይደል? እንዳትጥሉት። ሁለት ጉድጓድ ውስጥ ያው ንብርብር ከተገኘ ሁለቱን በዚያ መስመር ማስተካከል ይቻላል።

ምድጃ ያለው ላብራቶሪ ካገኛችሁ ከየቁራጩ ትንሽ መዝናችሁ በ105 ዲግሪ አድርቁ፣ እንደገና መዝኑ፣ በ550 ዲግሪ አራት ሰዓት አቃጥሉ፣ እንደገና መዝኑ። የጠፋው ተክል ነበር። የቀረው አመድ አሸዋና ደለል ነው። ደለሉ በድንገት ከበዛ ጎርፍ ወይም እርሻ መጥቷል።

ፖለን ቤት ውስጥ የሚሠራ አይደለም። አፈሩ ውስጥ ያለውን አሸዋ ለማሟሟት ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይጠቀማሉ፤ አጥንት ድረስ የሚገባ መርዝ ነው። ለባለሙያ ተዉት። ግን ምን እንደሚነግራችሁ እወቁ። ፍሬና ቅጠል እዚያው የበቀለውን ሲያሳይ፣ ፖለን በነፋስ የመጣውን አገር ምድሩን ያሳያል። ደግሞ የጊዜ ምልክት ይሰጣል። ባህር ዛፍ ወደ አገራችን የመጣው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው። የባህር ዛፍ ፖለን ያለበት ንብርብር ከዚያ አይቀድምም። በቆሎም ከአሜሪካ የመጣ እህል ስለሆነ፣ የበቆሎ ፖለን ያለበት አፈር ከኮሎምበስ ጉዞ አይበልጥም።

ዕድሜው ስንት ነው?

እዚህ ላይ ገንዘብ ያስፈልጋል። የምትልኩት ለካርቦን 14 ምርመራ ነው። ተክል በሕይወት ሳለ ከአየር ካርቦን 14 ይወስዳል። ሲሞት መውሰዱን ያቆማል፣ ያለው ይቀንሳል። በየ5,730 ዓመቱ ግማሽ ይሆናል። ዊላርድ ሊቢ እ.ኤ.አ. በ1949 ይህን አሠራር ይፋ አደረገ፣ በ1960 የኖቤል ሽልማት ወሰደበት። እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ይሄዳል።

ብሩ ከመክፈላችሁ በፊት ግን የምትልኩትን በደንብ ምረጡ። ሥር አትላኩ። ሥር ቆፋሪ ነው፤ የዛሬ ቄጤማ እግሩን ወደ ጥንቱ ንብርብር ይሰዳል። 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለው ክር መሰል ነገር አምና የበቀለ ሊሆን ይችላል። ከመሬት በላይ የነበረውን ላኩ፤ ፍሬ ከሁሉ ይሻላል። ጥቂት ሚሊ ግራም ደረቅ ፍሬ ይበቃል።

የስምጥ ሸለቆ ሰው ሌላም ጣጣ አለበት። ከእሳተ ገሞራው ሥር የሚወጣ አሮጌ ካርቦን ውሃው ውስጥ ይሟሟል። ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚኖር ተክል ያንን ይመገባል፤ ሲመረመር ከዕድሜው በላይ ያረጀ ይመስላል። ጭንቅላቱ ከውሃ በላይ የሆነው ፊላና ቄጤማ ግን ከአየር ስለሚተነፍስ አይዋሽም።

ፍሬውን በእጅ አትንኩት፣ በሶፍትም አትጠቅልሉት፤ ሶፍት ራሱ ተክል ነው። በመቆንጠጫ አንስታችሁ ፎይል ውስጥ አድርጉ። ውጤቱ ሲመጣ "ከዛሬ በፊት" ይላል። ያ "ዛሬ" እ.ኤ.አ. 1950 ነው። ቁጥሩንም እንዳለ አትውሰዱት፤ ኢንትካል20 በሚባለው ሰንጠረዥ ወደ ትክክለኛ ዓመት ይቀየራል።

እንበልና 100 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለው ፍሬ 2,000 ዓመት ሆነ። በአማካይ 1 ሳንቲ ሜትር 20 ዓመት ይዟል ማለት ነው። ልጅ ተወልዶ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚጨርስበት ጊዜ በአንድ ቁራጭ ውስጥ ተጨፍልቋል። ስለዚህ የ77ቱን ድርቅ ለብቻው አገኛለሁ ብላችሁ አትድከሙ። የምታገኙት ረጅሙን ነው፤ ክፍለ ዘመን የሚሻገረውን።

ስታነቡት

ውጤቱን በረጅም ወረቀት ላይ ሣሉት። ጥልቀት ወደ ታች፣ አምስቱ ዓምዶች ጎን ለጎን። መስመሮቹ አብረው የሚታጠፉበትን ቦታ ፈልጉ።

ከጨለለቃ የወጣው የመለማመጃ ናሙናዬ፣ ገልብጬ ካቃናሁት በኋላ፣ ከሥር የውሃ ውስጥ ተክል ነበረበት። ከዚያ ፊላ፣ ከዚያ ቄጤማ፣ ከላይ ሣር። የጋሼ መስመር ቁልጭ ብሎ! "ድርቅ አገኘሁ" ብዬ ለስንቱ አወራሁ። አንድ ቀን ለጋሼም ወረቀቱን አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። "ልጄ፣ ይሄ እኮ ሐይቅ ነበር" አሉኝ። "እኛ ልጆች ሆነን ውሃ ነበር። ደለል ሞላው።"

ክው አልኩ። ትክክል ናቸው። ሐይቅ በደለል ሲሞላ በራሱ ጊዜ ፊላ፣ ከዚያ ቄጤማ፣ ከዚያ ሣር ይሆናል፤ ሰማዩ ባይለወጥም። ላይ በኩል ደን ሲመነጠርና ሲታረስ ደግሞ ይፈጥናል። ከዚያ ወዲህ "አየሩ ደረቀ" ከማለቴ በፊት ሌላውን ሁሉ እጠይቃለሁ። ደለሉ ጨምሯል? ወንዙ መንገድ ቀይሯል? ከሰል በዝቷል? ከብት ገብቷል? ደግሞ አንድ ጉድጓድ ምስክር አይሆንም። ሁለት ሦስት የማይገናኙ ረግረጎች በአንድ ዘመን አንድ ዓይነት ነገር ካሉ፣ ያኔ ወደ ሰማይ ቀና እላለሁ። በተለይ ደግሞ ደርቆ የነበረ ቦታ ወደ ፊላ ከተመለሰ ትኩረት እሰጠዋለሁ። ደለል መሬትን ከፍ ያደርጋል እንጂ ውሃ አይጨምርም።

ከሌሎች መዝገቦች ጋር ማስተያየትም አለ። ከ11,000 እስከ 5,000 ዓመት ገደማ በፊት ምሥራቅ አፍሪካ ከዛሬው ይልቅ እርጥብ ነበር። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ሐይቅ ሆነው ወደ አዋሽ ይፈሱ ነበር። ባሌ ላይ በ3,950 ሜትር ከፍታ ካለው ከጋርባ ጉራቻ ሐይቅ የወጣው ደለል ወደ 16,000 ዓመት ይደርሳል። መሐመድ ኡመርና ባልደረቦቹ ፖለኑን ቆጥረው እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትመዋል። እርጥቡ ዘመን ሲገባ አስታ ወደ ተራራው ሽቅብ ወጥቷል፤ ከ6,000 ዓመት ገደማ ወዲህ ደግሞ አየሩ እየደረቀ ሲሄድ የዝግባና የጥድ ፖለን በዝቷል። የእናንተ የአፈር ዓምድ ያን ያህል ከጠለቀ፣ ያ እጥፋት ይታይበት እንደሆነ ፈልጉ። ካልታየ አስገድዳችሁ አታምጡት።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዱ ሰው ተክል መለየቱን ትቶ የካርቦኑን ዓይነት ብቻ ያስመረምራል። ተክሎች ከአየር ካርቦን በሚይዙበት መንገድ በቡድን ይለያያሉ፤ የቆላ ሣር አብዛኛው ሲ4 የሚባለው ቡድን ነው፣ ዛፍ ደግሞ ሲ3፤ ስለዚህ ቁጥሩ ወደ ሲ4 ሲያዘነብል "ሣር በዛ፣ ደረቀ" ይባላል። ደንገል ግን ውሃ ውስጥ ቆሞ ሲ4 ነው! ጣና ላይ ታንኳ የሚሠሩበት እሱ። ደንገል በነበረበት ረግረግ ቁጥሩ "ደረቀ" ሲል እውነቱ "ውሃ ሞላ" ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በዓይን ማየቱን የማልተወው።

መሄጃ ሰዓት ሲደርስ ጉድጓዱን ድፈኑት። በዚያው አካባቢ ጭቃ ሙሉት፣ በእግር ርገጡት፣ ላዩ ላይ የነቀላችሁትን ቄጤማ ከነሥሩ መልሱት። እኔ አንዴ ረስቼ በማግስቱ የሰው ጥጃ እግር ገብቶበት፣ ከእረኛው ልጅ ጋር ሆነን በፌሮ ዙሪያውን ስንቆፍር አርፍደናል።